ጎማ ለጎማ

መነጽር ሠሪዋ መነሻው መስመር ላይ ቆማ የአባቷን የብስክሌት ጎማ እንደገና በጣቷ ጫን አደረገችው። ድንጋይ ነው። የኋላውንም ጫነችው፤ እሱም ያው ነው።

«ተይው እንጂ፤ ታፈነጂዋለሽ» አሉ አባቷ የጓንታቸውን ማሰሪያ እየሳቡ።

ተወችው። ከዚያ የራሷን ጎማ ጫነች፣ የውሃ ኮዳዋን ነቀነቀች፣ ካቴናዋን አየች፣ ቀና ብላ ደግሞ አባቷን አየች። ጥሩምባው ቢነፋና ቢነሱ ይሻላት ነበር። ቆሞ መጠበቅ አልሆንላት ብሏል።

በየዓመቱ የትራንስፖርት ድርጅት ሠራተኞች፣ ጡረተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከከተማው ተነስተው ሦስት ቀን ሙሉ እየነዱ እስከ ባሕሩ ይወርዳሉ። አንድ ቡድን አራት ሰው ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ አራቱም መቆጣጠሪያ ጣቢያዎቹን አብረው ያልፋሉ። አንድ ሰው ከጎደለ ሦስቱ ቀድመው ቢደርሱም እንዳልመጡ ይቆጠራል።

አባቷ ዕድሜ ልካቸውን በዚህ መንገድ ላይ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ መሪ» ይላቸዋል። ማዕድ ላይ እንኳ ሳህኑን ግራና ቀኝ ይዘው እንደሚነዱት ስለሚቀመጡ ነው። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ አንድ ክረምት ሙሉ ከቤት ሳይወጡ ግድግዳ ሲያዩ ከረሙ። ከዚያ የጋራዡ መካኒክ አንድ አሮጌ ብስክሌት ጠግኖ፣ ቀለም ቀብቶ በራቸው ላይ አቆመላቸው። መካኒኩ አጭርና ድፍን ያለ ሰው ስለሆነ ስሙ «ቡሎን» ነው። ቡሎን ደግሞ ከመናኸሪያው ቲኬት ቆራጯን አመጣ፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ቶሎ የምትግል ስለሆነች እሷን «ሽቦ» ይሏታል። አራተኛው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ነበር። እሱ ልምምድ ላይ ወድቆ የትከሻው አጥንት ሲሰበር፣ መነጽር ሠሪዋ ሳትጠየቅ «እኔ እገባለሁ» አለች።

ሰው ሁሉ «አባቷን ብትወድ ነው» አለ። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው።

ሌላው ግማሽ እንዲህ ነው። አንድ ቀን አባቷ ወደ መነጽር ቤቱ መጥተው የመነጽራቸው ብሎን እንደላላ ነገሯት። አጥብቃ ሰጠቻቸው። መርቀዋት ወጡ። ካቻቢቴዋን ገና ጠረጴዛው ላይ ሳታስቀምጥ በሩ ተከፈተና ተመልሰው ገቡ። «ልጄ፣ ይቺ ብሎን ላልታብኛለች» አሉ። አሁን እኮ አጠበቅኩልህ ስትላቸው ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከልምምድ ሲመለሱ የሰው ብስክሌት ነድተው ቤታቸው ገቡ። የብስክሌቱ ባለቤት ዕድሜያቸው ከልክሎት ነው እንጂ ሌባ ብሎ ሊጮህ ነበር። እርጅና ነው አለች ለራሷ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን መቀመጫዋ ሁሉ እሾህ ሆነባት። ሌንስ ስትሞርድ ትነሳለች፤ ስልክ ትደውላለች፤ «ምን ሆንሽ?» ሲሏት «ምንም፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» ትላለች። ለማንም አልተናገረችም። ቃሉን ከአፏ ካወጣችው እውነት የሚሆን ይመስላት ነበር።

ጥሩምባው ተነፋ።

የመጀመሪያው ቀን አባቷ ድንቅ ነበሩ። በቡድን መንዳትን ለሦስቱም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የፊተኛው ነፋሱን ይሰብራል፣ የኋለኞቹ ከለላው ውስጥ ገብተው ጎማቸውን ከፊተኛው ጎማ ሥር አስጠግተው ያርፋሉ፤ ሲደክመው ወደ ጎን ወጥቶ ከኋላ ይሰለፋል። «ጎማ ለጎማ» ይላሉ። «መሀላችሁ አውራ ዶሮ ማለፍ የለበትም።» እያንዳንዱን ኩርባ ከመድረሱ በፊት ይጠሩታል፤ እዚህ ጋ አሸዋ አለ፣ እዚህ ጋ ውሃ መንገዱን ቦርቡሮታል ይላሉ፤ እንዳሉትም ይሆናል።

«ጋሼ» አለች ሽቦ ከኋላ፣ «ያን ሁሉ ዓመት ቲኬት ስቆርጥልዎት እንዲህ ረጋ ብለው ነድተው አያውቁም።»

«ያኔ ነዳጁ የድርጅቱ ነበራ» አሉ። «ዛሬ ከጉልበቴ ነው የሚቀዳው።»

ቡሎን እየሳቀ ከመስመር ሊወጣ ነበር። መነጽር ሠሪዋ ብቻ አልሳቀችም። ዓይኗ ከአባቷ ትከሻ ላይ አልነቀል ብሎ፣ የስንዴውን ማሳም ሆነ ወንዙን ሳታይ አለፈች። ተራዋ ደርሶ ፊት ስትወጣ ደግሞ ጭራሽ ባሰባት፤ በየደቂቃው እየዞረች ታያቸዋለች።

የምሳው ጣቢያ ላይ ዳቦና እንቁላል በልተው ሊነሱ ሲሉ አባቷ ብስክሌታቸውን እንደያዙ ቆሙ። በዓይናቸው ይቆጥራሉ።

«ሰው ጎድሏል» አሉ።

«ማን?» አለ ቡሎን።

«እንጃ። ሰው ግን ጎድሏል። እንዲህ ጥለን አንሄድም።»

«ጋሼ፣ አራት ነን፤ ትርፍም አልጫንንም» አለ ቡሎን። አባቷም ፈገግ አሉና እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አደረጉ። ቀልድ ሆኖ አለፈ። እሷ ግን እስከ ማደሪያቸው ድረስ አራቱን እየቆጠረች ነዳች።

ያደሩት አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እሷና ሽቦ ግቢው ቧንቧ ላይ ካልሲ ሲያጥቡ ሽቦ የአምናውን አወራቻት። አምና ከሌላ ቡድን ጋር ነበረች። ዳገት ላይ የጎማዋ ከመነዳሪ ፈንድቶ ስትቆም ሦስቱ ዞረውም ሳያይዋት ሄዱ። ብስክሌቷን እየገፋች ጣቢያው ስትደርስ «ባንቺ ምክንያት ከውድድር ወጣን» ብለው ጮኹባት።

«ዘንድሮ ግን እጨርሳለሁ» አለች ካልሲዋን አጥብቃ እየጠመዘዘች። «ከአባትሽ ጋር ስሆን ልቤ ያርፋል። እሳቸውን ተከትሎ ማን ይጠፋል?»

ነገሩ መነጽር ሠሪዋ ምላስ ጫፍ ድረስ መጣ። አፏንም ከፈተች። «ካልሲሽ ተቀደደ» አለቻት።

በነጋታው ጭጋግ ነበር። መንገዱ ተራራውን ወጥቶ ጫፉ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አባቷ ፊት ናቸው፣ ቡሎን ይከተላል፣ ቀጥሎ እሷ፣ መጨረሻ ሽቦ። መነጽር ሠሪዋ ቢጫውን ቀስት አየችው፤ ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ወደ ግራ ይላል። አባቷ ያለ አንዳች ማመንታት እጃቸውን ዘርግተው ወደ ቀኝ ምልክት ሰጡና ወደ ቀኝ ታጠፉ። ቡሎንም ታጠፈ።

መጮህ ነበረባት። ግን «አባዬ፣ ተሳስተሃል» ብላ በሰው ፊት ብትጮህ የሚከተለውን ሁሉ አብራ መናገሯ ነው። ምናልባት ቀስቱን እኔ ይሆናል ያላየሁት አለች። ምናልባት አቋራጭ ያውቁ ይሆናል። ይህን ስታስብ ቁልቁለቱ ያዛቸው። መንገዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ አስፋልቱ ተሰነጣጥቋል፤ ነፋሱ ጆሮ ይደፍናል። ያኔ ጮኸች። «አባዬ!» አለች፤ «አባዬ ቁም!» ድምፅዋን ነፋሱ ወደ ኋላ ወሰደው። የሰማቻት ሽቦ ብቻ ናት፤ እሷም «ምነው?» ብላ ጮኸች። መነጽር ሠሪዋ ፍሬን ይዛ ጣቷ እስኪደነዝዝ ድረስ ወረደች። ከፊቷ ጭጋጉ ውስጥ የአባቷ ቢጫ ሰደርያ አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ይታያል።

ቁልቁለቱ ያለቀው አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። አባቷ በዋናው መንገድ ሄደው፣ በአንድ ሰፊ በር ገብተው ወረዱ። ግቢው የሕንጻ ዕቃ መሸጫ ነው። ሲሚንቶ ተደርድሯል፣ ቆርቆሮ ግድግዳ ተደግፏል፤ አንድ ሰው በሚዛን ሚስማር ይመዝናል።

«የስምሪቱ ክፍል ወዴት ሄደ?» አሉት አባቷ።

«የምን ስምሪት፣ አባት?» አለ ሰውየው።

«መኪናዬን ላስገባ ነው። ተሳፋሪዎቹ ውጭ ናቸው። ማነው ዛሬ ተረኛው?»

ሰውየው ሚስማሩን ትቶ ከሳቸው ኋላ የቆሙትን ሦስቱን አየ። ደግ ሰው ነበር፤ አልሳቀም። «እዚህ ድሮ መናኸሪያ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ። «እኔ ስመጣ ግን አልደረስኩበትም። ይቀመጡ እስቲ።» ወንበር አቀረበላቸው።

አባቷ አልተቀመጡም። ቆርቆሮውን አዩ፣ ሲሚንቶውን አዩ፣ ከዚያ የገዛ እጃቸውን፣ ጣት የሌለውን የብስክሌት ጓንት አዩ። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲመለስ ልጃቸው አየች፤ ከዚያ በኋላም ልትረሳው አልቻለችም።

«ተሳሳትኩ እንዴ?» አሉ በቀስታ።

ቡሎን ጎንበስ ብሎ ምንም ያልሆነውን ማርሽ ይነካካል። ሽቦ ግን መነጽር ሠሪዋን በክንዷ ይዛ ወደ በሩ ጎተተቻት።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆይቷል።»

«ያን ቁልቁለት፣ በጭጋግ፣ እሳቸውን ተከትለን ስንወርድ ታውቂ ነበር?» ሽቦ ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ ትታገላለች። «ገደል ቢሆንስ? እኔ እኮ ልጅ አለኝ። ቡሎንም ልጅ አለው።»

«ልናገር ነበር።»

«መቼ? ተዝካራችን ላይ?»

«አትቆጪያት» አሉ አባቷ። ሳይሰሟቸው ከኋላቸው መጥተው ቆመዋል። «እኔም አውቅ ነበር።»

መነጽር ሠሪዋ ዞረች። «ምኑን?»

«በሽታውን ነዋ። ሐኪም ጋ ሄጃለሁ። ቀስ በቀስ ይወስድሃል ብሎኛል። መድኃኒት ሰጥቶኝ እሱንም መዋጥ እረሳለሁ።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነም። «አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ከበሽታው ይልቅ ያንቺን ፊት ፈራሁ።»

«እኔ ደግሞ አንተ እንዳትሸማቀቅ ብዬ…»

«እንግዲያው ተደባብቀናላ» አሉ። «አባትና ልጅ አንድ ጨርቅ ነው የለበስነው።»

ከዚያ ወደ ሽቦና ወደ ቡሎን ዞሩ። «ይሄ መንገድ ከራሴ ሳይወጣ አንዴ ልሂድበት ብዬ ነው የመጣሁት። ሰው ላይ አደጋ አመጣለሁ ብዬ አላሰብኩም። እሱን ይቅር በሉኝ። አሁን ውድድሩን ከኋላ ለሚከተለው መኪና ደውሉ፤ እኔን ይጫነኝ፣ እናንተ ሂዱ።»

«ሦስት ሆነን ምን ልንሠራ?» አለ ቡሎን። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው።

ሽቦ ትታቸው ወጣች። የሲሚንቶውን ክምር ዞረችው፤ ደግማ ዞረችው። የልፋቷ ሁሉ መጨረሻ፣ ያ አምና የዋጠችው ስድብ፣ እዚህ ሚስማር መሸጫ ውስጥ ቀልጦ መቅረቱ ነው። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ አንገቷ ግን ቀጥ ብሏል።

«ሰው ዳገት ላይ አይጣልም» አለች። «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፊት አይወጡም። የልጅዎን ጎማ ነው የሚያዩት፤ ከሱ ሌላ መንገድ የለዎትም። እሺ ካሉኝ እንነሳ። እምቢ ካሉ መኪናውን እኔው ራሴ እጠራዋለሁ።»

አባቷ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሌላ ሰው ሲነዳ ኋላ ተቀምጠው አያውቁም። ለቅሶ ቤት ሲኬድ እንኳ ታክሲው ውስጥ ፊት ወንበር ካልያዙ እግራቸው ፍሬን ይፈልጋል። ሽቦን ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«እሺ» አሉ። «ግን ልጄ ማርሽ አጠቃቀም አታውቅም።»

ቡሎን ሳቅ አመለጠው። ሽቦ አልሳቀችም። ኮፍያዋን እያጠበቀች ለመነጽር ሠሪዋ «አንቺን ገና አልጨረስኩሽም» አለቻት።

ሲወርዱ ዓይን ጨፍነው እስኪከፍቱ ያህል የነበረው መንገድ ሲወጡት አላልቅ አለ። ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ወጣች። መነጽር ሠሪዋ ፊት ሆና ስትገፋ ጭኗ እየነደደ ነው፤ የባሰባት ግን እሱ አይደለም። አባቷ ከኋላዋ ናቸው፤ አታያቸውም። የጎማቸውን ሽውታ ለመስማት ትሞክራለች፤ የራሷ ትንፋሽ ይጋርድባታል። አንዴ ዝም ያሉ መሰላትና ፈጥና ዞረች። ብስክሌቱ ተወላገደ፤ ጎማዋ የአባቷን ጎማ ሊነካ ለጥቂት ተረፈ።

«ወደ ኋላ አትዪ!» አሉ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ «ኋላሽ እኔ ነኝ። አንቺ ፊትሽን እይ» አሏት።

«እንግዲያው ዝም አትበል። የሆነ ነገር አውራ።»

አወሩ። ከዚህ ጉብታ ሥር ጎማ ፈንድቶባቸው ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶ እንደገፋ ነገሩ። እዚያ ድልድይ ላይ አንዲት ሴት በምጥ ተይዛ፣ የኋላው ወንበር ላይ ወልዳ፣ ልጁን በሳቸው ስም መጥራቷን ነገሩ። በየመሀሉ «ማርሽ ቀንሺ» ይላሉ፤ «በአፍሽ አትተንፍሺ፣ በአፍንጫሽ ሳቢ፤ ቀስ፣ ቡሎን ቀርቷል» ይላሉ። የሚገርመው ይህን ሲሉ አንዴም አልተሳሳቱም። ወዴት እንደሚሄዱ ቢጠፋባቸውም፣ ጎማቸው ከልጃቸው ጎማ አንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ ሳይቀርብ፣ እንደተሰፋ ሆኖ ይከተላል። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ድልድዩ ላይ ምጥ የያዛትን ሴት ታሪክ እንደ አዲስ ጀመሩ። ነግረውናል ያለ የለም። ሽቦ እንዲያውም ከኋላ «ወንድ ነበር ሴት?» ብላ ጠየቀች።

ቢጫው ቀስት ጋ ደርሰው ወደ ግራ ታጠፉ።

የማደሪያው ጣቢያ ሲደርሱ ሰዓት ተቆጣጣሪው ጠረጴዛውን አጥፎ መኪና ላይ እየጫነ ነበር። «ጊዜው አልፏል» አላቸው። «ደረጃ የላችሁም። እስከ ባሕሩ መንዳት ግን የሚከለክላችሁ የለም።» ሽቦ ጀርባዋን ሰጥታቸው የበሩ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ ጫማዋን አውልቃ ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ማንም አልተጠጋትም። ቆይታ ራሷ ሄዳ አነሳችው።

ጠዋት መነጽር ሠሪዋ ከሁሉም ቀድማ ተነስታ ግቢው ውስጥ ስትንጎራደድ ሽቦ መጣችና ሁለት ኮዳ ውሃ ሞላች። አንዱን ሰጠቻት።

«አልታረቅኩሽም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሌላ የደበቅሽው አለ?»

«የለም። ትናንት ዳገቱ ላይ ማልቀሴን ካልቆጠርሽው።»

«እሱማ ከኋላ ሆኜ ሰምቼዋለሁ» አለች ሽቦ።

የመጨረሻው ቀን ሜዳ ነው፤ ነፋሱ ከጎን ይገፋል። አባቷ አንዳንዴ «ወዴት ነው የምንሄደው?» ይላሉ፤ አንዴ ልጃቸው፣ አንዴ ቡሎን «ወደ ባሕሩ» ይላቸዋል፤ «ጥሩ» ይሉና ይከተላሉ። መነጽር ሠሪዋ መጀመሪያ መጀመሪያ ጥያቄው በመጣ ቁጥር ፔዳሏን መርገጥ ታቆም ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ሳታስበው መልሳ ፔዳሏን ትረግጣለች። ጭንቀቷ አልጠፋም፤ ግን አሁን በሥራ የተያዘ ሰው ጭንቀት ነው፤ ትናንት የነበረው ዓይነት አይደለም።

ባሕሩ ዳር ሲደርሱ የመጨረሻው መስመር ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ድምፅ ማጉያው ተነቅሎ አንድ ሰው ገመዱን በክንዱ ላይ ይጠመጥማል። ጭብጨባ አልነበረም። አራቱ ጎማ ለጎማ ሆነው ጨርቁ ተሰቅሎበት በነበረው ሁለት ምሰሶ መሀል አለፉ፤ ገመድ ጠምጣሚው መንገድ ለቀቀላቸው። ሽቦ ከብስክሌቷ ሳትወርድ ምሰሶውን አቅፋ ቆመች። ቡሎን አንድ መንገደኛ ለምኖ ፎቶ አስነሳቸው፤ ፎቶው ላይ የመነጽር ሠሪዋ ግማሽ ፊት ብቻ ነው የወጣው፤ ወደ አባቷ ስትዞር ነው።

ሲመሽ የድርጅቱ አውቶቡስ ብስክሌቶቹን ጣሪያው ላይ ጭኖ ሁሉንም ሊመልስ ተነሳ። ሾፌሩ የቀድሞ ባልደረባውን ሲያይ ከኋላው ያለውን ወንበር ሊያስለቅቅላቸው ነበር፤ አባቷ ግን «ተወው» ብለው አልፈው መሀል ላይ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ልጃቸው ጎናቸው ሆነች። እግሯ አላርፍ ብሎ ወለሉን ይረግጣል፤ ሰውነቷ ገና እየነዳ ነው። ሽቦ ከፊታቸው ተኝታ አንገቷ ይወዛወዛል።

«አባዬ» አለች፣ «ነገ ጠዋት ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን። የሚለውን እኔም ልስማው።»

አባቷ ከመስኮቱ ዞረው አዩዋት።

«ነገ እሑድ ነው» አሉ።

መነጽር ሠሪዋ አሰበች። ቀኑን አስልታ ደረሰችበት፤ እውነታቸውን ነው።

«እንግዲያው ሰኞ።»

«ሰኞ ጥሩ ነው» አሉ። «አደራ፣ አስታውሺኝ።»

እሺ አለቻቸው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ዓይኗን ልትከድን ሞከረች፤ እግሯ ግን አሁንም እየረገጠ ነበር፤ ተወችው።